ከጂቡቲ ሐሩር ወደ ኡፕሳላ ቁር

በሐምሌ ወር በጂቡቲ ከተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ መለኪያው ከሩቅ የበረዶ አገር የመጣ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ባለቤቱ አንደርስ ሴልሲየስ በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ የውሃ መፍያውን 0፣ መርጊያውን 100 ብሎት ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው የተገለበጠው እርሱ በ1744 ካረፈ በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲዋ በ1477 ወደ ተመሠረተባት ወደዚህች ከተማ በታኅሣሥ ለትምህርት የሚሄድ የጂቡቲ ነዋሪ ብርዱን አስቀድሞ ይፈራል። ብርድ ግን በካፖርትና በወፍራም ጫማ ይመከታል፤ ብርቱው ፈተና ጨለማው ነው። በታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥታ፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በቀትር እንኳ ከአድማስ ብዙም ከፍ አትልም። በጂቡቲ በዚያው ዕለት የቀኑ ብርሃን ከ11 ሰዓት በላይ ይቆያል። የብርሃን እጥረት እንቅልፍንና መንፈስን ያውካልና፣ እንግዳው በቀትር ወደ ደጅ ወጥቶ ቢንሸራሸር ይበጀዋል።

ረጅሙን ምሽት ለንባብ ማዋል ነው። በካሮሊና ሬዲቪቫ ቤተ መጻሕፍት በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈው የጎጦች ወንጌል ይጠበቃል፤ ብራና ላደገበት ኢትዮጵያዊ ባዕድ አይሆንበትም።