«ትንሽ ይሞቅሻል» ያልኳት ቀን

እማዬ ወደ አሜሪካ የመጣችው የልጅ ልጆቿን ለማየት ነበር። ሜሪላንድ እኔ ቤት በገባች በሦስተኛው ሳምንት ግን አዲስ አበባ የጀመራት ራስ ምታት ባሰባት። ዕድሜዋ 67 ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች። በኤምአርአይ ሲታይ አንጎሏ ውስጥ ካሉት የደም ሥሮች በአንዱ ላይ ትንሽ እብጠት የሚመስል ነገር ተገኘ። ሐኪሙ «እርግጡን ለማወቅ አንጂዮግራፊ ያስፈልጋታል» አለኝ።

አንጂዮግራፊ ማለት በጣም ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ውስጥ አሳልፎ፣ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በመርጨት የደም ሥሮችን ፎቶ ማንሳት ነው። የአንጎልን የደም ሥሮች በራጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1927 ነበር። ለብዙ ዓመታት ቱቦው በአብዛኛው የሚገባው በብሽሽት በኩል ነው። አሁን ግን ብዙ ሐኪሞች የእጅ አንጓን፣ ያውም ነርሶች ጣታቸውን አሳርፈው የልብ ምት የሚቆጥሩበትን ቦታ ይመርጣሉ። ሥሩ ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሆነ ደሙን ተጭኖ ማቆም ይቀላል። በሽተኛውም ለሰዓታት ተንጋሎ መተኛት አይጠበቅበትም፤ ቶሎ ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ችግሩ የእጅ ደም ሥር ጠባብና ድንጉጥ መሆኑ ነው። ባዕድ ነገር ሲነካው ይኮማተራል፤ ቱቦውንም ጨምድዶ ይይዛል። ስለዚህ ገና ከጅምሩ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሥሩን የሚያፍታቱት ቬራፓሚልና ናይትሮግሊሰሪን ናቸው፤ ደም እንዳይረጋ ደግሞ ሄፓሪን ይጨመራል።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ከምርመራው በፊት በዝርዝር ነገረኝ። «ቬራፓሚሉ ሲገባ ከአንጓዋ እስከ ክንዷ እንደ እሳት ያቃጥላታል። ብዙ አይቆይም፤ ግን ከባድ ነው። ነቅታ ስለምትሆን እጇንም ራሷንም ማንቀሳቀስ የለባትም። ይህን በደንብ ንገሪያት» አለኝ። አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ በስልክ እንደሚያገናኙንም ነግረውን ነበር። «እኔ እያለሁ ምን ያደርጋል?» ብዬ መለስኳቸው።

እማዬ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም አይደል እማዬ፣ ትንሽ ይሞቅሻል ነው ያለው።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያደረግሁት በክፋት አይደለም። እኛ ቤት ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም። አባቴ ሲታመምም ያደግነው እንዲሁ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ያን ልማድ ነው ይዤው ሆስፒታል የገባሁት።

እሷ ገባች፣ እኔ ውጭ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ነርስ በጥድፊያ ወጥታ አስተርጓሚ ስትጠራ አየሁ። የሆነውን በኋላ ነገሩኝ። መድኃኒቱ ሲገባ እማዬ «እሳት! እጄን አቃጠላችሁት!» ብላ ጮኸች፤ እጇንም ነጠቀች። የምትለውን የተረዳ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በድንጋጤዋ ሥሩ ይበልጥ ተኮማተረ፤ ቱቦው አላልፍ አለ። የደም ግፊቷም ወረደና ፈሳሽ ተሰጣት። ያረጋጋት በስልክ የመጣው የአስተርጓሚው ድምፅ ነው። «እናቴ፣ አይዞዎት፣ መድኃኒቱ ነው፣ አሁን ይለቅዎታል» ብሏታል። ለቀቃት፤ ነገር ግን ምርመራው በእጅ መቀጠል ስላልቻለ በብሽሽት ሆነ። ላስቀርላት የፈለግሁትን ሥቃይ እጥፍ አድርጌ ሰጠኋት። እግሯን ሳታጥፍ ለሰዓታት ተንጋላ ዋለች።

አጠገቧ ስቀመጥ ተቆጥታ ነበር። «አንቺ ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። ዝም አለች፤ ከዚያ «የሞትኩ መስሎኝ ነበር እኮ። መድኃኒት ነው ብትዪኝ እችለው ነበር። አራት ልጅ ወልጄ የለም እንዴ?» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያወቅሁትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ቬራፓሚል ከማቃጠሉ ሌላ የደም ግፊትን ያወርዳል፤ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ እንደ አቴኖሎል ያለ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ናይትሮግሊሰሪን ፊትን ያግላል፣ ራስ ያማል፣ ግፊትም ይቀንሳል። ሄፓሪን መድማትን ያበረታል። በራጅ የሚታየው ፈሳሽ ሲረጭ ፊትና ጭንቅላት ይሞቃል፤ አንዳንዱ ሰው ብልጭታ ያያል፣ አፉንም ብረት ብረት ይለዋል። እነዚህ ቶሎ ያልፋሉ። ማሳከክ፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ግን የአለርጂ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። ፈሳሹ ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል፣ እማዬ ለስኳር የምትወስደውን ሜትፎርሚን ለ48 ሰዓት እንድታቆም ታዝዛለች። ይህ እንደየሰው ስለሚለያይ ማንም ከሐኪሙ ሳይነጋገር መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ።

የምትወስዱትን ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። እማዬ በየቀኑ የምትወስደውን አስፕሪን አልተናገረችም ነበር፤ «እሱ ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ?» ነው ያለችኝ። የአገር ቤት መድኃኒትም ካለ አትደብቁ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ የተወጋው ቦታ ቢደማ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ካልቆመ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። እጅ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘም እንዲሁ። አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተያዘ፣ አንድ ጎን ከዛለ ወይም ዓይን ካላየ ደግሞ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ።

የእማዬ እብጠት ትንሽ ስለሆነ በክትትል ይቆይ ተባለ። ከዓመት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ አንጂዮግራፊ ታዘዘላት፤ በሌላኛው እጅ። በዚህኛው ጊዜ አስተርጓሚውን ራሷ ጠየቀች። ሐኪሙ የነገረኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ እሳት የሚለውን ቃል ጭምር።

«ስንት ይቆያል?» አለች።

«ቀስ ብለሽ እስከ ሠላሳ ብትቆጥሪ ያልፋል ብሏል።»

ስትወጣ አንጓዋ ላይ የመጫኛ ማሰሪያ ታስሮላታል፤ ቀና ብላ ተቀምጣለች። «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«አቃጠለኝ» አለች። «ሃያ ሁለት ስደርስ ተወኝ። በይ አሁን ሻይ አምጪልኝ።»