የሴባስቶፖል እጥፍ ስንት ይመዝናል?

ለመድረክ፣ ለፊልምና ለኤግዚቢሽን የሚዘጋጁ ቁሶች፣ በሙያው አጠራር ፕሮፕ የሚባሉት፣ በአዳማም ሆነ ከቢሾፍቱና ሞጆ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በብየዳ ቤቶች፣ በእንጨት ሥራ ቤቶችና በሠዓሊዎች እጅ ነው። የእነዚህ ሰዎች የእጅ ሙያ የሚያጠያይቅ አይደለም። የሚያስፈራው ከትዕዛዝ ሰጪዎች ጋር የሚመጣው፣ ሰሞኑንም በቴሌግራም ቻናሎች እንደ ቀመር እየተዘዋወረ ያለው «ርዝመቱን ባካፈልክበት ቁጥር ክብደቱንም አካፍል» የሚለው ስሌት ነው። ስሌቱ ስሕተት ነው፤ ከሰው ራስ በላይ ለሚንጠለጠል ቁስ ከዋለ ደግሞ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

1. ስኬል ማለት በዋናው ነገር ርዝመትና በሞዴሉ ርዝመት መካከል ያለው ጥምርታ ሲሆን፣ 1፡5 ሲባል በሞዴሉ ላይ ያለው 1 ሳንቲ ሜትር በዋናው ላይ 5 ሳንቲ ሜትርን ይወክላል ማለት ነው። በድርሰት ብቻ ያለ ቁስ ሜትሮ የሚዘረጋበት አካል ስለሌለው፣ ባለሙያው መጀመሪያ ልኩን ከድርሰቱ ማውጣት ይኖርበታል። ልኩ በጽሑፍ ከተሰጠ ነገሩ ቀላል ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት የኖኅ መርከብ ርዝመት 300 ክንድ፣ ስፋቱ 50 ክንድ፣ ከፍታው 30 ክንድ ተብሎ ስለተነገረ፣ አንድ ክንድ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ተደርጎ ቢወሰድ የ1፡100 ሞዴሉ ርዝመት 1.35 ሜትር፣ ስፋቱ 22.5 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 13.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልኩ ካልተሰጠ መለኪያው በትዕይንቱ ውስጥ ከቁሱ አጠገብ የሚቆመው ሰው ነው።

ተመልካች ሜትሮ ይዞ አይመጣም፤ ዓይኑ የሚለካው ልኩን ከሚያውቀው ነገር ጋር እያነጻጸረ ነው። በአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ላይ የተተከሉት ተርባይኖች የሚሽከረከረው ክፍላቸው ዲያሜትር 77 ሜትር ስለሆነ፣ በ1፡100 ስኬል የሚሠራ ሞዴል 77 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከሥሩ ከሱቅ የተገዛች 7 ሳንቲ ሜትር የምታህል መጫወቻ መኪና ሲያቆሙበት ግን ሥራው ይበላሻል። እንዲህ ዓይነቶቹ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በ1፡64 ስለሆነ፣ መኪናዋን መለኪያ ያደረገው ዓይን ተርባይኑን 49 ሜትር ብቻ አድርጎ ያነበዋል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ስኬል አይኖርም።

2. ክብደት በስኬሉ አይካፈልም፤ የሚካፈለው ስኬሉ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ነው። ምክንያቱም አንድ አካል ሲያንስ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን ስፋቱና ከፍታውም አብረው ስለሚያንሱ፣ በ1፡5 ሞዴል ላይ ርዝመት በ5፣ ቀለም የሚቀባው የውጭ ገጽ በ25፣ ይዘትና ክብደት ደግሞ ቁሱ በዚያው ማዕድን ከተሠራ በ125 ይካፈላሉ።

ጋፋት ላይ የተሠራውና አፄ ቴዎድሮስ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያስጎተቱት የሴባስቶፖል መድፍ፣ 7 ቶን ማለትም 70 ኩንታል ገደማ እንደሚመዝን ይነገራል። በየገጹ «70 ቶን» እየተባለ የሚጻፈው ኩንታልና ቶን ከመምታታቸው የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የአንድ ሜትር ኩብ ነሐስ ክብደት ወደ 8,800 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ 70 ቶን ነሐስ ማለት በየጎኑ 2 ሜትር የሆነ ድፍን ኩብ ማለት ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን አምሳያ ያየ ሁሉ እንዲህ ያለ የብረት ክምር እንዳልሆነ ይፈርዳል።

አሁን የመድፉን ሞዴል በ1፡5 ለመሥራት ቢታሰብ፣ ድፍኑ የነሐስ ሞዴል የሚመዝነው 7,000 ለ125 ተካፍሎ 56 ኪሎ ግራም ነው። በቴሌግራሙ ቀመር ግን 1,400 ኪሎ ግራም ይወጣል። ይህ የትክክለኛው 25 እጥፍ ነው፤ እንዲህ እንዲመዝን ሞዴሉ ከነሐስ 25 ጊዜ ከሚከብድ ማዕድን መሠራት ነበረበት፤ ወርቅ እንኳ ከነሐስ የሚከብደው ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ ሃያ አምስት እጥፍ የሚከብድ ብረት በምድር ላይ የለም። ይህን የመሰለ ቁጥር በጨረታ ሰነድ ላይ ማኅተም ተደርጎበት ይወጣል፤ መድረኩ ለ1.4 ቶን እንዲጠናከር ቱቦላሬና ላሜራ ይገዛል፤ ባለሙያው ስሕተቱን ሲያመለክት «ሰነዱ ጸድቋል» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ የሕዝብ ገንዘብም እንዲሁ ይባክናል። ከሰነዱ ጋር የሚመጣው ደግሞ ከጎን የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን፣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ግን አይገኙበትም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ይህን በአንድ ገጽ አስልቶ የሚሰጥ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የሚጠይቅ ቢሮ ጠፍቶ ነው።

ወደ ላይ በሚሰላበት ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ ከብክነት አልፎ አደጋ ይሆናል። አንድ ደራሲ በምናብ «የሴባስቶፖልን እጥፍ የሚያህል መድፍ» ብሎ ቢጽፍ፣ በርዝመት፣ በስፋትና በከፍታ እጥፍ የሆነው መድፍ የሚመዝነው 14 ሳይሆን 56 ቶን ነው፤ ስለዚህ ተዋናዮቹ ሲጎትቱት ሊታይ የሚገባው ልፋት፣ የሠረገላው ጎማ ውፍረትና የገመዱ ብዛት ከዚህ ቁጥር ጋር መስማማት አለባቸው። ይህ በድርሰት ዓለም ያለ ጉዳይ ነው። በእውነተኛው አዳራሽ ግን አንድ ለናሙና የተሠራ 10 ኪሎ የሚመዝን ድፍን ቁስ ከጸደቀ በኋላ «አምስት እጥፍ አድርጋችሁ ጣሪያው ላይ ስቀሉት» ተብሎ ይታዘዛል፤ አዛዡ 50 ኪሎ ብሎ ሲያስብ፣ ከዚያው ማቴሪያል ድፍን ሆኖ የተሠራው ትልቁ ቁስ 1,250 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ማንጠልጠያው ገመድ አብሮ አምስት እጥፍ ቢወፍር እንኳ አይበቃም፤ ገመዱ ሲቆረጥ የሚታየው ገጽ በ25 ሲጨምር ሸክሙ በ125 ስለሚጨምር፣ ገመዱ በናሙናው ላይ ከተሸከመው አምስት እጥፍ ይወጠራል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ትንሹ ቆሞ የሚዘልቅበት ቅርጽ ሲተልቅ በራሱ ክብደት ሊሰበር እንደሚችል ያስረዳው በዚሁ ምክንያት ነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ዕውቀት ዛሬም ከጨረታ ኮሚቴ ጠረጴዛ አልደረሰም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁለተኛው ተለይቶ አይቆምም። ውስጡ ባዶ የሆነ የፋይበርግላስ ወይም የላሜራ ቁስ፣ የግድግዳው ውፍረት ካልተለወጠ፣ ክብደቱ የሚከተለው የውጭውን ገጽ ስለሆነ በ125 ሳይሆን በ25 ይሰላል። ስለዚህ «ክብደቱ ስንት ነው» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ድፍን ነው ወይስ ባዶ» የሚለው መመለስ አለበት።

ለፊልም የሚሠራ ሞዴል ከሆነ ጊዜም ይሰላል። ከ40 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ 2.9 ሰከንድ ያህል ሲፈጅበት፣ በ1፡16 ሞዴል ላይ ከ2.5 ሜትር የሚወድቀው በ0.7 ሰከንድ ይደርሳል፤ ልዩነቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም የ16 ስኩዌር ሩት ነው። በሰከንድ 24 ምስል የሚታየው ፊልም ሞዴሉ ትልቅ እንዲመስል በሰከንድ 96 ምስል መቀረጽ ያለበት ለዚህ ነው። ውኃ ግን ለዚህም አይታዘዝም፤ የቆቃን ግድብ በሞዴል ሠርቶ ሲፈርስ ለማሳየት የሚያስብ ሰው የውኃ ጠብታ በስኬል እንደማያንስ አውቆ ሞዴሉን አቅሙ የፈቀደውን ያህል ትልቅ ማድረግ ይኖርበታል።

ስኬል ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው «ኪንግ ኮንግ» ፊልም ላይ ግዙፉ ጎሪላ በደሴቱ ትዕይንት 5.5 ሜትር ገደማ ሆኖ ከቀረበ በኋላ፣ በኒውዮርክ ሕንፃዎች መካከል እንዳያንስ ወደ 7.3 ሜትር ከፍ ተደርጓል። ያ ግን ታስቦበትና ከአካባቢው ጋር ተሰልቶ የተደረገ ምርጫ እንጂ ካለማወቅ የመጣ አልነበረም።

ሞዴል የሚያዝዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የቴአትር ቡድኖች የቁሱን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በጽሑፍ ይስጡ፣ የክብደቱን ስሌት ለሠሪው ይተዉ። ከሰው ራስ በላይ የሚሰቀል ማንኛውም ቁስ ደግሞ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን፣ በሚዛን ሳይመዘን አይሰቀል።