አሳማ የሚሳፈርበት ባቡር

የቻይና ባቡር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ስለሚፈተለከው ፈጣን ባቡር ነው። እውነትም ከቤጂንግ ሻንጋይ ያለውን ከ1,300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። በሲቹዋን ግዛት ደቡብ፣ በሊያንግሻን ተራሮች መካከል ግን ቁጥሩ 5633 የሆነ አረንጓዴ ባቡር አለ። ከፑሺዮንግ ተነስቶ ፓንዥሁዋ ለመድረስ ከ350 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው መንገድ ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል፤ ሲመለስ ደግሞ 5634 ይባላል። ዝቅተኛው ትኬት 2 ዩዋን ነው።

የሚጓዝበት የቼንግዱ–ኩንሚንግ ሐዲድ ራሱ ጉድ ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1958 ተጀምሮ፣ ተቋርጦና እንደገና ተቀጥሎ፣ በ1970 ተጠናቀቀ። ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር በሚደርሰው ርዝመቱ ከ400 በላይ ዋሻና ከ900 በላይ ድልድይ አለበት። ሜዳ ስለታጣ አንዳንድ ጣቢያ ከፊሉ ዋሻ ውስጥ፣ ከፊሉ ድልድይ ላይ ተሠርቷል። በሥራው የሞቱት ሰዎች ከሁለት ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል።

የመስመሩ ደንበኞች በብዛት የዪ ብሔረሰብ ገበሬዎች ናቸው። ድንችና እህል ከሚበቅልበት ደጋ ወርደው ምርታቸውን ሺቻንግን በመሰሉ ከተሞች ይሸጣሉ። ዶሮው እግሩ ታስሮ ቅርጫት ውስጥ፣ ድንቹ በጆንያ፣ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ይገባል። አሳማና በግ የሚጫኑበት ፉርጎ ለብቻው ነው፤ ወንበሮቹ ተነቅለው እንስሳቱ የሚታሰሩበት የብረት አጥር ተተክሎበታል። ባለቤቱም ከእንስሳው አጠገብ ቆሞ ገመዱን ይዞ ይጓዛል። በተለመደው የመንገደኛ ባቡር ቢሆን ሕያው አሳማ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው። እዚህ ግን አስተናጋጆቹ ከፊት እየጎተቱ፣ ከኋላ እየገፉ ያግዛሉ፤ ሽታውን ለምደውታል። ገበያተኞቹም ከተማ እስኪደርሱ አይጠብቁም፤ ዶሮውና አትክልቱ ገና በመንገድ ላይ ዋጋ ተጠይቆበት ይሸጣል።

ማስታወቂያው በቻይንኛም በዪ ቋንቋም ይነገራል። ቅዳሜና እሁድን ቤታቸው ለማሳለፍ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ወንበሮቹን ይሞሏቸዋል፤ ደብተራቸውን በመስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የቤት ሥራቸውን የሚሠሩም አሉ።

ዋጋው ለዓመታት አልተነካም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጓዝ ሰው የሚከፍለው 26 ዩዋን ገደማ ነው፤ ከቤጂንግ ሻንጋይ በፈጣኑ ባቡር ለመሄድ ደግሞ ከ500 ዩዋን በላይ ያስፈልጋል። በዚህ ገንዘብ ባቡሩ ወጪውን እንደማይሸፍን ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻም። ድጎማ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን በወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ግን አሳማ ይዞ ገበያ የሚወርድ ሰው ነው። ጉድለቱን የሚሸከመው የመንግሥት ምድር ባቡር ድርጅት ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ እንዲህ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚንቀሳቀሱ 81 ያህል ዝግተኛ ባቡሮች አሉት። አንዱ በጉዊዡ ግዛት የሚሠራ ሲሆን፣ አትክልት ሻጮች ሳይወርዱ የገበያውን ዋጋ እንዲያውቁ በፉርጎው ውስጥ ይለጠፍላቸዋል። ድርጅቱ ትርፍ ቢያሰላ ኖሮ እነዚህን ሁሉ ከዘጋቸው በቆየ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 አዲሱ የቼንግዱ–ኩንሚንግ መስመር ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ። ፈጣኑ ባቡር አሁን ከቼንግዱ ሺቻንግ በሦስት ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ በአሮጌው ሐዲድ ይህ መንገድ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስድ ነበር። ለሠራተኛውና ለቱሪስቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን አዲሱ መስመር ተራራውን በረጃጅም ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ በየመንደሩ አይቆምም። 5633 ደግሞ ሥራው መቆም ነው፦ ከሃያ በላይ ጣቢያ ላይ ይቆማል፤ በአንዳንዶቹ የሚወርዱት ጥቂት ሰዎችና አንድ ሁለት በግ ብቻ ናቸው። ወደ መንደሮቹ የአስፋልት መንገድ በገባ ቁጥር ከተሳፋሪው አንዳንዱ ወደ ሞተር ሳይክልና ወደ ትንሽ መኪና እየዞረ ነው። አሳማ ያለው ሰው ግን እስካሁን የሚመርጠው አረንጓዴውን ባቡር ነው።