የጠበንጃ መነጽር አመራረጥ፤ ለአደንና ለሩቅ ዒላማ ተኩስ

የዛሬ ጠበንጃ ጥይት የሰው ዓይን ለይቶ ከሚያውቀው ርቀት እጅግ አልፎ ይሄዳል። ባዶ ዓይን በ300 ሜትር ላይ አንድ እንስሳ መቆሙን ያያል፤ እንስሳው ምን እንደ ሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከኋላውም ሌላ ነገር ይኑር አይኑር ግን በርግጥ ሊያውቅ አይችልም። ጥይቱ የሚደርስበትንና ዓይን የሚያውቀውን ርቀት ለማቀራረብ የተሠራው መሣሪያ የጠበንጃ መነጽር ነው። በዚህ ጽሑፍ የመነጽሩን አሠራር፣ ለአደን የሚስማማው ለሩቅ ዒላማ ከሚስማማው የሚለይበትን ምክንያት፣ ገዢውም ምን ምን ነገር አስቀድሞ መመልከት እንደሚገባው ለመግለጽ እንሞክራለን። ምሳሌዎቻችንን በብዛት የምንወስደው ከጋምቤላ ቆላ፣ በተለይም ከኢታንግና ከትየርኪዲ ዙሪያ ነው። በዚያ አገር ሙቀቱ፣ ረጅሙ ሣር፣ የዱር አራዊቱና የሰው እንቅስቃሴ ተደባልቀው ስለሚገኙ የመነጽርን ጥቅምም ጉድለትም ጉልህ አድርገው ያሳያሉ።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። በአገራችን ጠበንጃ መያዝ በፈቃድ ነው፤ ስለዚህም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል። አደንም እንዲሁ ያለ ፈቃድ አይደረግም፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ አደን የምንናገረው ሁሉ ፈቃድ ላለው አዳኝና ለአደን በተከለለ ቦታ ብቻ መሆኑ ይታወቅልን።

1. አሠራሩ

የጠበንጃ መነጽር በአንድ ቱቦ ውስጥ በተርታ የተሰደሩ ሌንሶች ናቸው። በአፈ ሙዙ በኩል ያለው ትልቁ ሌንስ ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን ሰብስቦ የነገሩን ምስል በቱቦው ውስጥ ያሳርፋል፤ ይህ ምስል ግን የተገለበጠ ነው። በመካከል ያሉት ሌንሶች ምስሉን ያቀኑታል፤ በዓይን በኩል ያለው ሌንስ ደግሞ አጉልቶ ያሳየዋል። ለማነጣጠሪያ የሚያገለግለው መስቀለኛ ክር ምስሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ተኳሹ ክሩንና ዒላማውን በአንድነት አጥርቶ ያያል። በተራው ማነጣጠሪያ ግን ዓይን ሦስት ነገሮችን፣ ማለት የኋላውን ማነጣጠሪያ፣ የፊቱንና ዒላማውን በአንድ ጊዜ እንዲያጠራ ይጠየቃል፤ ይህም የማይቻል ነው። እንግዲህ የመነጽሩ የመጀመሪያ ጥቅም ማጉላቱ ሳይሆን ይህን ችግር ማስወገዱ ነው።

2. የቁጥሮቹ ትርጉም

በአንድ መነጽር ላይ «4×32» ተብሎ ቢጻፍ፣ 4 ማለት ነገሩን አራት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 32 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። «3–9×40» የተባለው ማጉላቱ ከ3 እስከ 9 የሚለዋወጥ፣ የፊቱ ሌንስ 40 ሚሊሜትር የሆነ ነው። ብዙ ሰው ሲገዛ የሚመለከተው የፊተኛውን ቁጥር ብቻ ነው፤ የበለጠ የሚያጎላው ሁሉ የበለጠ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለተኛው ቁጥር ለመጀመሪያው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ከሁለቱም ይበልጥ ያስተምራል። ይህም ውጤት ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው።

ለምሳሌ 32 ለ4 ሲካፈል 8 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 40 ለ9 ሲካፈል 4.4 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ 40 ለ20 ቢካፈል ግን 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በቀን ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በምሽት ግን በወጣቶች ላይ እስከ 7 ሚሊሜትር ድረስ ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲጨምር ይህ መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ በቀትር ሦስቱም መነጽሮች ብሩህ ሆነው ይታያሉ። እንስሳት ለግጦሽ በሚወጡበት በማለዳና በምሽት ግን የመጨረሻው ጨለማ ሲሆን የመጀመሪያው ብርሃኑን እንደ ጠበቀ ይቆያል። ጠባብ የብርሃን ክብ ያለው መነጽር ደግሞ ዓይንን በአንድ ነጥብ ላይ አስተካክሎ ማኖርን ይጠይቃል፤ ጭንቅላት ጥቂት ቢንቀሳቀስ ምስሉ ይጠፋል።

የሌንሶቹ ቅብም እንደዚሁ ከፍ ያለ ጉዳይ ነው። ቅብ በሌለው መስተዋት እያንዳንዱ ገጽ ወደ እርሱ ከሚመጣው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። አሥር ገጽ ባለው መነጽር ውስጥ ሂሳቡ ቢሠራ፣ ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን 66 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በ1935 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር በዛይስ ኩባንያ የተገኘው የጸረ ነጸብራቅ ቅብ ይህን ኪሳራ እጅግ ቀነሰው። እያንዳንዱ ገጽ የሚመልሰው ግማሽ በመቶ ቢሆን፣ በዚያው መነጽር ውስጥ 95 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ መልካም ቅብ ያለው ባለ 4 መነጽር በምሽት ጊዜ ርካሽ ከሆነ ባለ 12 መነጽር የተሻለ ያሳያል ብንል ማጋነን አይሆንም።

3. ለአደን የሚስማማው

በጋምቤላ ሜዳ ላይ ከዝናም በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከምድር የሚነሣው ሙቅ አየር ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ እያጠፈ ምስሉን ያወዛውዘዋል። መነጽሩ እንስሳውን ሲያጎላ ይህንንም ውዝዋዜ አብሮ ያጎላል። በቀትር 20 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይዞ ሜዳውን የሚመለከት ሰው የሚያየው የሚፈላ ውሃ የመሰለ ነገር ነው፤ ማጉላቱን ወደ 6 ወይም ወደ 8 ቢያወርድ ግን ምስሉ ይረጋለታል።

ሁለተኛው ምክንያት የእይታው ስፋት ነው። 4 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር በ100 ሜትር ርቀት ላይ 10 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ 20 ጊዜ የሚያጎላው ግን 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ በሚያድግበት አገር እንስሳው በጨረፍታ ታይቶ ይሰወራል። በ2 ሜትር ቀዳዳ የሚመለከት ሰው የቱን ሣር እንደሚያይ ሳያውቅ እንስሳው ያመልጠዋል። ስለዚህ ለቆላ ሣርና ለጫካ ዳር ከ2 እስከ 8 ባለው መካከል የሚለዋወጥ መነጽር ይበቃል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክንያት እንስሳውን ለይቶ ማወቅ ነው። በዚህ አገር ነጭ ጆሮ ቆርኬ በብዙ መንጋ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ መካከል ይመላለሳል፤ የናይል ሌችዌ ደግሞ በረግረጉ ዳር ይኖራል። የጎለመሰው ወንድ ቆርኬ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጆሮዎቹ፣ የዓይኖቹ ዙሪያና ጉሮሮው ነጭ ናቸው። ወንዱ ሌችዌም ጥቁር ቡናማ ነው፤ ነጩ ምልክቱ ግን በማጅራቱና በትከሻው ላይ ያርፋል። ሴቶቹ በሁለቱም በኩል ዳማና ቀንድ የለሽ ናቸው። ሌችዌ ከምድር የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው እንስሳት አንዱ ነው። እንግዲህ በድንግዝግዝ ጊዜ በዚያ ሜዳ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነ ነገር ማየት ብቻ አይበቃም፤ ነጩ በጆሮው ላይ ነው ወይስ በትከሻው ላይ የሚለውን መመለስ ያስፈልጋል። ይህንን የሚመልሰው ከማጉላቱ ብዛት ይልቅ የምስሉ ጥራትና ብርሃኑ ነው።

የደጋው ነገር ከዚህ ይለያል። በባሌና በአርሲ ተራራዎች የደጋ አጋዘን በሚገኝበት አገር ጠላቱ ሙቀት ሳይሆን ብርድና ጉም ነው። በቱቦው ውስጥ እርጥብ አየር ካለ፣ ሲበርድ ውሃው በሌንሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጤዛል፤ ከውጭ ቢጠርጉትም አይጠፋም። ስለዚህ አየሩ ወጥቶ በምትኩ ደረቅ ናይትሮጂን የተሞላና የታሸገ መነጽር መምረጥ ይገባል። ይህ በጋምቤላ ክረምትም ቢሆን የሚጠቅም ነው።

4. ለሩቅ ዒላማ የሚስማማው

በዒላማ ተኩስ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ዒላማው አይሸሽም፤ ርቀቱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ተኳሹም ተኝቶና ጠበንጃውን አስደግፎ ይተኩሳል። በካናዳ በተጀመረው «ኤፍ ክላስ» በተባለው ውድድር እስከ 1000 ያርድ፣ ማለት 914 ሜትር ድረስ ይተኮሳል። በዚህ ርቀት ከ20 ጊዜ በላይ የሚያጎላ መነጽር ይጠቅማል፤ እይታው ቢጠብም፣ ክብደቱም ቢጨምር ግድ የለም።

ከማጉላቱ ይልቅ ግን የማስተካከያ ቁልፎቹ ትክክለኛነት ይበልጣል። ምክንያቱን በሂሳብ እንመልከት። በሴኮንድ 800 ሜትር የሚሄድ ጥይት የአየሩን ግፊት ብንተወው 400 ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚህም ጊዜ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲሜትር ያህል ይወድቃል። አየሩ ፍጥነቱን ስለሚቀንሰው እውነተኛው ውድቀት ከዚህ ይበልጣል። ተኳሹ ይህን ውድቀት የሚያካክሰው በመነጽሩ ላይ ያለውን ቁልፍ በማዞር ነው። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» እያለ ይቆጠራል። በሚሊራዲያን በተሠራው መነጽር አንዱ ቀጭታ በ100 ሜትር ላይ ብዙውን ጊዜ 1 ሳንቲሜትር ያንቀሳቅሳል፤ በማዕዘን ደቂቃ በተሠራው ደግሞ የደቂቃው ሩብ፣ ማለት 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን መልካም ነው፤ ክሩና ቁልፉ ግን በአንድ ዓይነት መለኪያ የተሠሩ ይሁኑ። ቁልፉን 40 ቀጭታ አውጥቶ 40 ቀጭታ ሲመልሱት ወደ መነሻው በትክክል የማይመለስ መነጽር፣ ምስሉ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ለሩቅ ተኩስ አይረባም።

ሌላው የሚመረመረው ምስሉ በትክክል በክሩ ላይ ማረፉ ነው። ካላረፈ፣ ጠበንጃው ሳይነቃነቅ ጭንቅላት ብቻ ሲንቀሳቀስ ክሩ በዒላማው ላይ የሚሄድ ይመስላል። ለአደን የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ በ100 ሜትር ገደማ ተስተካክለው ስለሚሸጡ ችግሩ አይሰማም፤ ለሩቅ ተኩስ ግን ይህን ማስተካከያ በጎኑ ወይም በፊቱ የያዘ መነጽር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ መነጽር ሁሉን ነገር አያደርግም። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የ300 ሜትር የጠበንጃ ውድድር ጠበንጃ ላይ የሚታሰር አጉሊ መነጽር አይፈቀድም፤ ተወዳዳሪዎቹም ባዶ ቀዳዳ በሆነ ማነጣጠሪያ እያነጣጠሩ ድንቅ ውጤት ያመጣሉ። የትንፋሽ አያያዝና የምላጭ አሳሳብ በገንዘብ አይገዛም።

5. አተካከሉና አስተካከሉ

ጥሩ መነጽር በደካማ ማሰሪያ ላይ ቢታሰር ገንዘቡ ከሰረ ማለት ነው። ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ በሚወስደው ዓይነት መንገድ በመኪና የተንገጫገጨ ጠበንጃ ብሎኑ ቢላላ፣ ተኳሹ የሚስተው ምክንያቱን ሳያውቅ ነው። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ሁልጊዜ በወረቀት ዒላማ ላይ መሞከር ይገባል። በዓይንና በኋላው ሌንስ መካከል ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት ይተዋል፤ አለዚያ ጠበንጃው ሲመታ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብን ይሰነጥቃል።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። በ100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት ተኩሰን የሦስቱ መካከል ከነጥቡ 6 ሳንቲሜትር ወደ ታች፣ 3 ሳንቲሜትር ወደ ግራ ቢሆን፣ በሚሊራዲያኑ መነጽር 6 ቀጭታ ወደ ላይ፣ 3 ቀጭታ ወደ ቀኝ እናዞራለን፤ በማዕዘን ደቂቃው ደግሞ 8ና 4 ይሆናል። ከዚያም እንደ ገና ሦስት ተኩሰን እናረጋግጣለን።

6. ከመነጽሩ በፊት የሚገዛው

ትየርኪዲ በ2006 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ስደተኞች የተከፈተ ሰፈር ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ዙሪያ ሰዎች ለማገዶና ለሣር ወደ ዱር ይወጣሉ፤ የአገሩም ነዋሪዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ይዘዋወራሉ። በሣሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እንስሳ አይደለም። የጠበንጃ መነጽር ያለው ሰው ግን አንድ ክፉ ልማድ ይይዘዋል፤ ከሩቅ ምን እንዳለ ለማወቅ ሲፈልግ ጠበንጃውን አንሥቶ በመነጽሩ ይመለከታል። ይህ ማለት ምን እንደ ሆነ ገና ባላወቀው ነገር ላይ አፈ ሙዙን አዞረ ማለት ነው። ነገሩ እንጨት የተሸከመች ሴት ብትሆን፣ የሚለያት የአንድ ጣት ስሕተት ብቻ ነው። እርሷም ብታየው ሊመለከታት ብቻ መሆኑን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው በመጀመሪያ በእጅ የሚያዝ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ይግዛ፤ «8×42» የሆነው ከ5 ሚሊሜትር በላይ የብርሃን ክብ ስላለው ለማለዳም ለምሽትም ይስማማል። ሁለተኛ ጠንካራ ማሰሪያ ይግዛ። በተረፈው ገንዘብ ማጉላቱ መካከለኛ፣ ቅቡ መልካም፣ ቁልፉ የታመነ የጠበንጃ መነጽር ይምረጥ። በእጅ መነጽሩ ፈልጎ፣ እንስሳውን ለይቶ፣ ከኋላውም ባዶ መሬት መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ጠበንጃውን ያንሣ። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ምናልባት በቀኑ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ይመለስ ይሆናል፤ የማይገባውን ግን አይመታም።