ልጥ የመሰለው እባብ

በእኛ አገር እባብ ያየ በልጥ ይበረያል። በማዳጋስካር ጫካ ነገሩ ይገለበጣል፤ ልጥ ነው፣ የደረቀ ሐረግ ነው ብለው ያለፉት ነገር እባብ ሆኖ ይገኛል። ስሙ ላንጋሃ ነው። ሳይንቲስቶች ጂነስ በሚሉት በዚህ ወገን ሥር ሦስት ዝርያዎች ይመደባሉ፤ ሦስቱም ከዚያች ደሴት ውጭ በዱር አይገኙም።

ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጭን ነው፤ ኑሮው ዛፍ ላይ ነው። ጉዱ ያለው አፍንጫው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘውና ከሦስቱ ይበልጥ የሚታወቀው ዝርያ ወንዴው ከላይ ቡናማ፣ ከሥር ቢጫ ሲሆን አፍንጫው እንደ ወስፌ ሾሎ ወደፊት ይወጣል። ሴቷ ግራጫ ዝንጉርጉር ናት፤ የእሷ አፍንጫ ጠፍጣፋ፣ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ የተቆራረጠ ቅጠል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ባልና ሚስት ናቸው ብሎ አያስብም። የጥንት ተመራማሪዎችም ተሳስተው ሴቷን ሌላ ዝርያ አድርገው መዝግበዋት ነበር።

አደኑ ትዕግሥት ነው። ጭንቅላቱን ቁልቁል አንጠልጥሎ ዝም ይላል፤ ነፋስ ሲነፍስ እንደ ሐረግ አብሮ ይወዛወዛል። እንሽላሊት ስትጠጋ ግን ያ ሐረግ ይነክሳል። መርዝ የሚያስተላልፉት ጥርሶቹ ከአፉ ኋለኛ ክፍል ስለሆኑ ሰው ላይ ብዙም አደጋ አያደርስም፤ የተነደፈ ሰው ከባድ ሕመም እንደተሰማው ግን ተመዝግቧል።

እንዴት ደሴቲቱ ላይ ደረሰ? ማዳጋስካር ከአፍሪካ የተለየችው ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው፤ የላንጋሃ ቅድመ አያቶች ግን ከዚያ በጣም ዘግይተው መጡ። ዛሬ በጠባቡ ቦታ 400 ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን የሞዛምቢክ ወሽመጥ የተሻገሩት ወንዝ ጠርጎ ባሕር ላይ በጣለው ዕፅዋት ተሳፍረው ሳይሆን አይቀርም።

አፍንጫው ለመደበቂያ ነው የሚለው ማብራሪያ ያስኬዳል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ ለመደበቅ ከሆነ የወንዴውና የሴቷ ለምን ተለያየ? በብዙ እንስሳት ጌጡ የወንዱ ነው፤ እዚህ የተራቀቀው የሴቷ ነው። ለአቅመ ተራክቦ ሲደርሱ የሚበቅል እንዳይባል ደግሞ፣ ጫጩቶቹ ገና ከእንቁላል ሲወጡ ጀምሮ ወንዱ በወስፌው፣ ሴቷ በቅጠሏ ይለያሉ።