ማሻሻያ ከተጫነ በኋላ ሰርቨር ሲታወክ ነጋዴው ማድረግ የሚገባው

የንግድ ቤት መዝገብ ከወፍራሙ ደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ ውሎ አድሯል። የአስመጪው የመጋዘን ካርድ፣ የላኪው የሽያጭ ውል፣ የባለሱቁ የዱቤ ሒሳብ በአብዛኛው የሚገኘው ሰርቨር በሚባለው በአንድ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ሠራተኞቹም በየጠረጴዛቸው ባሉት ኮምፒዩተሮች አማካይነት ከዚሁ ሰርቨር እየቀዱ ይሠራሉ። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲታወክ የሚታወከው አንድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ንግድ ቤቱ በሙሉ ነው።

ሰርቨር እንደ ማናቸውም ኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚባለው መሠረታዊ ፕሮግራም ይመራል። የፕሮግራሙ አዘጋጆች የተገኘበትን ጉድለት ለማረምና ለሌባ የተከፈተውን ቀዳዳ ለመድፈን በየጊዜው አፕዴት የሚባለውን ማሻሻያ ይልካሉ። በንግድ ቤቶች ዘንድ በብዛት የሚሠራበትን ዊንዶውስን የሚያዘጋጀው የማይክሮሶፍት ኩባንያ መደበኛውን ማሻሻያ የሚያወጣው በየፈረንጁ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ሲሆን፣ ሰዓቱም በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይውላል። እንግዲህ ሰርቨሩ ማሻሻያውን በራሱ ጊዜ እንዲቀበል የተተወ እንደ ሆነ፣ ችግሩ የሚታወቀው በማግሥቱ ጧት ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ሲገባ ነው።

ለምሳሌ ያህል 6 የቢሮ ሠራተኞች ያሉት አንድ አስመጪ ነጋዴ አለ እንበል። ረቡዕ ጧት የሒሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪን ለመክፈት ብትሞክር አልከፈት ይላታል። ለጉምሩክ የሚቀርበው ሰነድ አይታተምም፤ ዕቃ ሊጭን የመጣው የጭነት መኪና ከመጋዘኑ ደጅ ቆሟል። በዚህ ጊዜ አንዱ ሠራተኛ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ሌላው ኬብል ይነቅላል፤ በስልክ የተጠራው ባለሙያ ደግሞ ሁሉ ነገር ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን ይላል። ነጋዴው በዚያች ሰዓት የሚሰጠው ትእዛዝ ጉዳቱ የግማሽ ቀን ወይም የብዙ ዓመት መሆኑን ይወስናል። ሰርቨሩ በገንዘብ ይተካል፤ የ5 ዓመት ሒሳብ ግን የሚሸጥበት ገበያ የለም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። በሰርቨሩ መስኮት ላይ ማሻሻያው ገና እየተጫነ ወይም ተመልሶ እየተነሣ መሆኑን የሚያመለክት ጽሑፍ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ቢወስድም እንኳ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ አይገባም። በግማሽ የተቋረጠ ማሻሻያ ካልተጫነው ይልቅ ይጎዳልና ነው። ቀጥሎ ችግሩ የተጀመረበትን ሰዓትና በመስኮቱ ላይ የታየውን የስሕተት ቃል ሳያጎድሉ በወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ውስጥ የማሻሻያዎች ታሪክ በሚባለው ገጽ ላይ እያንዳንዱ ማሻሻያ ኬቢ ተብሎ በሚጀምር ቁጥር ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ ቁጥር ለባለሙያው ከብዙ ቃል ይልቅ ይጠቅመዋል። ከዚህም ጋራ የሒሳቡ መዝገብ ሊነበብ የሚችል ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ጥገና ከመጀመሩ በፊት ወደ ሌላ ዲስክ ሊገለበጥ ይገባዋል።

ሁለተኛው ተግባር የችግሩን ስፍራ መለየት ነው። ለዚህም ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንደኛው፣ ሥራ የቆመው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ በሁሉም የሚል ነው። በአንዱ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የዚያ ኮምፒዩተር እንጂ የሰርቨሩ አይደለም። ሁለተኛው፣ የሒሳቡ ፕሮግራም በራሱ በሰርቨሩ ላይ ሲሞከር ይሠራል ወይ የሚል ነው። በሰርቨሩ ላይ የሚሠራ፣ በጠረጴዛዎቹ ግን የማይሠራ ከሆነ መዝገቡ ደኅና ነው፤ የተዘጋው መንገዱ ነው ማለት ነው። በሰርቨሩም ላይ የማይሠራ ከሆነ ግን ችግሩን በራሱ በሰርቨሩ ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል።

መንገዱን በብዛት የሚዘጋው ፋየርዎል የሚባለው የኮምፒዩተሩ ዘበኛ ነው። ዊንዶውስ የተገናኘበትን መረብ የግል ወይም የሕዝብ እያለ ይለያል። ከማሻሻያ በኋላ ሲነሣ የመሥሪያ ቤቱን መረብ የሕዝብ ነው ብሎ የቆጠረው እንደ ሆነ፣ ዘበኛው ከጠረጴዛዎቹ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ከደጅ ይመልሳል። መድኃኒቱም የመረቡን ዓይነት ማስተካከል ነው እንጂ ዘበኛውን ማባረር አይደለም። ችግር ፈታሁ ብሎ ፋየርዎልን ዘግቶ የሚሄድ ባለሙያ የመጋዘኑን በር ከፍቶ እንደ ሄደ ይቆጠራል።

በሰርቨሩ ውስጥ ከሚገኙት ምክንያቶች ተራ የሆነው ደግሞ የአገልግሎት አለመነሣት ነው። እንደ ፒችትሪ ያሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች መዝገባቸውን የሚያነቡት ከበስተጀርባ በሚሠራ አንድ የመረጃ ቋት አገልግሎት አማካይነት ነው። ሰርቨሩ ከማሻሻያ በኋላ ሲነሣ ይህ አገልግሎት አብሮ ካልተነሣ፣ መዝገቡ በሙሉ እያለ ፕሮግራሙ የጠፋ ያህል ይሆናል። ሰርቪስስ በሚባለው ገጽ ላይ አገልግሎቱን ማስነሣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህ በቀር ዊንዶውስ የተጫነበት ዲስክ ሞልቶ እንደ ሆነ፣ ሰዓቱና ቀኑም ትክክል እንደ ሆኑ መመልከት ይገባል። በዶሜይን ሥርዓት በሚተዳደር መረብ ውስጥ የሰርቨሩና የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ፣ በተለመደው አሠራር ሰርቨሩ የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ሊቀበል አይችልም። ኢቬንት ቪውወር የሚባለው የሰርቨሩ የውሎ መዝገብም ያልተነሣውን አገልግሎት በስሙ እየጠራ ስለሚገልጽ፣ ከመገመት በፊት እርሱን ማንበብ ይሻላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የማሻሻያው የራሱ ይሆናል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ ሰርቨር ማሻሻያ የይለፍ ቃል የሚቈጣጠሩትን ሰርቨሮች እየደጋገመ ያጠፋና ያስነሣ ነበር። ኩባንያው ማረሚያውን ያወጣው ጥር 9 ቀን ነው። እንዲሁም መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ በእነዚሁ ሰርቨሮች ላይ የማስታወሻ ቦታን ቀስ በቀስ እየበላ በመጨረሻ ሰርቨሩን የሚጥል ሆኖ ተገኘ። ማረሚያው መውጣት የጀመረው መጋቢት 13 ቀን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የወርኃዊውን ማሻሻያ ቁጥር ለይቶ ማንሣት ይቻላል። ሰርቨሩ ጨርሶ አልነሣ ያለ እንደ ሆነም፣ የማስተካከያው ገጽ በሚባለው መነሻ ላይ የመጨረሻውን ማሻሻያ የሚያነሣ ትእዛዝ አለ። ዲስክን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን የሚመጣው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የመዝገቡ ቅጂ በእጅ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ይህን የሚሰማ ነጋዴ፣ እንግዲያውስ ማሻሻያውን ጨርሶ መተው አይሻልም ወይ ይል ይሆናል። መልሱን ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የደረሰው ነገር ይሰጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዓለም ላይ ተሰራጭቶ ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ መዝገቡንም ለመክፈት ገንዘብ ጠየቀ። የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኞችን ለመመለስ ተገደዱ። ሆኖም ይህ ፕሮግራም የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከመጋቢት 5 ቀን ጀምሮ፣ ማለት ወደ 2 ወር ገደማ አስቀድሞ፣ ወጥቶ ነበር። በጊዜው የጫኑት ከዚህ ጥቃት ዳኑ። የተበላሸ ማሻሻያ የጥቂት ቀን ሥራ ያስፈታል፤ የተተወ ማሻሻያ ግን መዝገቡን ሊያሳጣ ይችላል። እንዲሁም ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር 2 መደበኛ ማሻሻያው ከመስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ተቋረጠ፣ በእርሱ የሚሠራ ንግድ ቤት መለወጫውን ማሰብ ይገባዋል።

ስለዚህ ብልህ ነጋዴ በሁለቱ መካከል ይሄዳል። ሰርቨሩ ማሻሻያን በፈቀደው ሰዓት እንዳይጭን አድርጎ፣ ሌሎች የጫኑት ምን እንደ ደረሰባቸው ለጥቂት ቀን ይመለከታል፤ አስቸኳይ የጥበቃ ማሻሻያ ሲሆን ግን አያዘገይም። የሚጭንበትንም ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም ሥራ በማይኖርበት በሌላ ሰዓት ያደርገዋል። ዓመታዊው ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔ 30 ዋዜማ አይጭንም። መብራት ቢጠፋ የሚያቈየው ዩፒኤስ መኖሩንና መሥራቱን አስቀድሞ ያያል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቈለፈ ከሆነ፣ ከማሻሻያ በኋላ ሰርቨሩ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ በካዝና ያስቀምጣል።

ከሁሉ በላይ የሆነው ግን ቅጂው ነው። ከዋናው መዝገብ ሌላ ቢያንስ ሁለት ቅጂ ሊኖር፣ ከእነርሱም አንዱ ከንግድ ቤቱ ውጭ ሊቀመጥ ይገባል። ቅጂ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ የትናንቱ ደረሰኝ በውስጡ መገኘቱ በየወሩ ሊታይ ያስፈልጋል። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ሳይቈጠር እንደ ተረከቡት ዕቃ ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀው በተፈለገ ጊዜ ነው።

ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰው አስመጪ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አድርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ረቡዕ ጧት ያልተነሣውን አገልግሎት በማስነሣት ብቻ ባለፈ፣ የጭነት መኪናውም ከረፋዱ በፊት ጭኖ በሄደ ነበር።