የሎስ ኦሶስ የፍሳሽ ቦይ
አንድ የገጠር ማኅበረሰብ የጋራ ሥራውን እንዴት እንደ ፈጸመና ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ

መግቢያ

ስለ ሕዝብ ጤንነት በሚጻፉት ጽሑፎች የመጠጥ ውሃ ነገር ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ውሃው ከተጠጣና ከታጠበበት በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የገጠር ማኅበረሰብ የጋራ የፍሳሽ ቦይ ለመሥራት ሲነሣ ምን ምን እንደሚያስፈልገውና ወጪውን በምን ዐይነት መንገድ እንደሚሸፍን ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የተመረጠው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር የሚገኘው ሎስ ኦሶስ የተባለው መንደር ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ከመጀመሪያው ትእዛዝ እስከ ፍጻሜው 33 ዓመት ስለ ፈጀና የመዘግየቱም ዋና ምክንያት የቧንቧው ሥራ ሳይሆን የገንዘብና የመተማመን ነገር ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የችግሩ መነሻ

ሎስ ኦሶስ በእስፓንኛ «ድቦቹ» ማለት ነው። መንደሩ 14,000 ያህል ነዋሪዎች ሲኖሩት የራሱ የከተማ አስተዳደር የለውም፤ በሳን ሉዊስ ኦቢስፖ አውራጃ ሥር ይተዳደራል። ቤቶቹ የተሠሩት በአሸዋማ መሬት ላይ ተጠጋግተው ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባለቤት ፍሳሹን የሚያስወግደው በግቢው በተቀበረ ሴፕቲክ ታንክ ነበር። የዚህ ታንክ አሠራር ቀላል ነው፤ ድፍርሱ ከሥር ይዘቅጣል፣ ውሃው ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ቤቶች ተራርቀው በሚገኙበት አገር ይህ የሚነቀፍ ዘዴ አይደለም። ቤቶች ሲበዙ ግን በፍሳሹ ውስጥ ያለው አሞኒያ በአሸዋው ሲያልፍ ወደ ናይትሬት ይለወጥና ከከርሰ ምድር ውሃ ጋራ ይቀላቀላል። የመንደሩ የመጠጥ ውሃም የሚቀዳው ከዚያው ምድር ሥር ነው።

ናይትሬት የበዛበት ውሃ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክሲጅን የመሸከም ኃይሉን ይቀንሰዋልና። ስለዚህ የክፍሉ የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ ቦርድ በ1983 ዓ.ም. በሴፕቲክ ታንክ መገልገል እንዲቀር ወሰነ። ውሳኔው በ1988 ዓ.ም. ሲጸና በአካባቢው አዲስ ቤት መሥራት ተከለከለ።

ለ. የቦዩ አሠራር

የፍሳሽ ቦይ በተቻለ መጠን የሚሠራው በመሬት ስበት ኃይል ነው። ቧንቧው ተዳፋቱ ከመጠን በላይ ካነሰ ድፍርሱ እየዘቀጠ ይደፈናል። ስለዚህ መሐንዲሶች ፍሳሹ በሴኮንድ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር እንዲጓዝ ያደርጋሉ፤ ይህም ስፋቱ 20 ሳንቲሜትር ለሆነ ቧንቧ በ100 ሜትር ርዝመት 40 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅታ ይጠይቃል። በየ120 ሜትሩ ገደማ መጥረጊያና መመርመሪያ ጕድጓድ ይቈፈራል። መሬቱ ሜዳ ወይም ጐድጓዳ በሆነበት ስፍራ ደግሞ ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ መትከል ግድ ነው፤ ፓምፑም መብራትና ጠባቂ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ፍሳሹ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል። እዚያም አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ጥቃቅን ሕዋሳት አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ቀጥሎም ኦክሲጅን በሌለበት ክፍል ሌሎች ሕዋሳት ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን አየር ለውጠው ወደ ሰማይ ይለቁታል። በሴፕቲክ ታንክ አሠራር የመጀመሪያው ለውጥ ውሃው በሚሰርግበት አፈር ውስጥ ቢፈጸምም ሁለተኛው ሥራ አይሟላም፤ የጣቢያው አስፈላጊነትም በዚህ ላይ ነው።

ሐ. ገንዘቡ

የገጠር ቦይ ከከተማ ቦይ ይልቅ ለእያንዳንዱ ቤት የሚከብድበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ኪሎሜትር ቧንቧ በከተማ ለ100 ቤት ሲካፈል በገጠር ለ20 ቤት ቢካፈል የአንዱ ቤት ድርሻ አምስት እጥፍ ይሆናል። ማጣሪያ ጣቢያውም እንደዚሁ ነው፤ ተጠቃሚው ቢያንስም ዋጋው በዚያው መጠን አያንስም።

በዚህ ምክንያት ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወገን ይሰበሰባል። አንደኛው መንግሥት በነጻ የሚሰጠው ዕርዳታ ነው። ሁለተኛው በዝቅተኛ ወለድ የሚገኝ የረጅም ጊዜ ብድር ነው። ሦስተኛው በባለቤቶች ላይ የሚጣለው መዋጮ ሲሆን፣ ብድሩ የሚከፈለውም ከዚሁ ነው። በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ለገጠር ውሃና ፍሳሽ ሥራ እስከ 40 ዓመት የሚከፈል ብድር ያበድራል።

የጊዜው ርዝመት ምን እንደሚጠቅም በስሌት እንመልከት። በሎስ ኦሶስ ለአንድ መኖሪያ ቤት የተመደበው ድርሻ 25,000 ዶላር ያህል ነበር። ለምሳሌ ያህል ወለዱን 3 በመቶ ብናደርገው፣ በ20 ዓመት ሲከፈል በወር 140 ዶላር፣ በ40 ዓመት ሲከፈል ግን በወር 90 ዶላር ይሆናል። ይሁን እንጂ ጠቅላላው ክፍያ በመጀመሪያው 33,600 ገደማ ሲሆን በሁለተኛው ከ43,000 ይበልጣል። ረጅም ብድር የወሩን ሸክም ያቀልላል፤ የዕድሜውን ሸክም ግን ያከብዳል። በጡረታ የሚኖር ሽማግሌና ልጆች የሚያሳድግ ወጣት ይህን ስሌት በአንድ ዐይን አያዩትም።

መ. ክርክሩና መዘዙ

የመንደሩ ሕዝብ በ1998 ዓ.ም. የራሱን የአገልግሎት ቦርድ አቋቋመ፤ ተስፋውም አውራጃው ካቀደው የረከሰ ዘዴ ለማግኘት ነበር። ሆኖም ቦርዱ የመረጠው የማጣሪያ ጣቢያ ቦታ በመንደሩ መካከል ሆነ፤ ወጪውም እያደገ ሄደ። አንዱ ወገን «ውሃችን እየተበከለ ነው፤ ከእንግዲህ መዘግየት ዋጋውን ከመጨመር በቀር ፋይዳ የለውም» ሲል፣ ሌላው ወገን «ጣቢያው ከመንደር ይውጣ፤ ዋጋውም ድኃውን ከቤቱ ያፈናቅላል» ይል ነበር። ሁለቱም የተናገሩት መሠረት የሌለው አልነበረም።

በ2005 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሕዝቡ በጠባብ የድምፅ ብልጫ ከአምስቱ የቦርድ አባሎች ሦስቱን ከሥልጣን አነሣ። አዲሱ ቦርድ ቍፋሮውን አቆመ፤ የካሊፎርኒያ መንግሥትም 135 ሚሊዮን ዶላር ያህል የነበረውን ብድር አቋረጠ። ተቋራጮቹ ከሰሱ፤ ተቆጣጣሪው ቦርድም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ መቀጮ ወሰነ። በ2006 ዓ.ም. 45 ባለቤቶች በዕጣ ተለይተው በታንካቸው መገልገልን እንዲተዉ የሚያዝ ጽሑፍ ሲደርሳቸው ድንጋጤው በየቤቱ ገባ፤ ጥፋቱ የሁሉ ሲሆን ዕጣው የወደቀው በጥቂቶች ላይ ነበርና። በዚሁ ዓመት በነሐሴ ወር የመንደሩ ቦርድ ኪሣራውን በፍርድ ቤት አስታወቀ።

ሠ. አፈጻጸሙ

በ2006 ዓ.ም. በወጣ ልዩ ሕግ ሥራው ለአውራጃው ተሰጠ። አውራጃው ከመቈፈሩ በፊት ለባለቤቶች በፖስታ የድምፅ ወረቀት ላከ፤ እያንዳንዱም ድርሻው ስንት እንደ ሆነ አስቀድሞ ዐወቀ። በ2007 ዓ.ም. 80 በመቶ ያህሉ መዋጮው በራሳቸው ላይ እንዲጣል ፈቀዱ። በ2010 ዓ.ም. ከእርሻ ሚኒስቴር በብድርና በዕርዳታ 83 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገኘ፤ ከግዛቱ መንግሥትም ብድር ተጨመረ። ጣቢያው ከመንደሩ በስተ ምሥራቅ፣ ከመኖሪያው ውጭ በእርሻ መሬት ላይ ተሠራ። ቍፋሮው በ2012 ዓ.ም. ተጀምሮ ቤቶች በ2016 ዓ.ም. ከቦዩ ጋራ መገናኘት ጀመሩ። ከመንገዱ እስከ ቤቱ ያለውን መስመር እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ወጪ አሠራ። የጠቅላላው ሥራ ዋጋ ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። የተጣራውም ውሃ ተመልሶ ወደ ምድር እንዲሰርግ ይደረጋል፤ የተጐዳውን የከርሰ ምድር ውሃ ይተካልና።

መደምደሚያ

ጣቢያው ከመንደር ይውጣ ያሉት በመጨረሻ ፈቃዳቸው ተፈጽሞላቸዋል፤ መዘግየት ዋጋ ያንራል ያሉትም ቃላቸው እውነት ሆኗል። በ2005 ዓ.ም. የጐደለው መሐንዲስም ገንዘብም አልነበረም። የጐደለው ቍፋሮ ከመጀመሩ በፊት ቦታውንና የእያንዳንዱን ድርሻ ለሕዝብ ገልጦ ፈቃዱን መቀበል ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለው ተረታችን ሸክሙን ስለ መካፈል ይናገራል፤ የሎስ ኦሶስ ታሪክ ደግሞ አከፋፈሉ አስቀድሞ ካልታወቀ ሎሚው መሬት ላይ ወድቆ እንደሚበሰብስ ያሳያል።

በአገራችን ትንንሽ ከተሞችም ቤቶች እየተጠጋጉ ሲሄዱ፣ የሽንት ቤት ጕድጓድና የመጠጥ ውሃ ጕድጓድ በአንድ ምድር ላይ ጐረቤት ይሆናሉ። ቦይ ለሁሉም ቦታ አይስማማም፤ ቤቶች በተራራቁበት በደንብ የተሠራ ጕድጓድ ይበቃል። ነገር ግን ቦይ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ፣ በዕድር መዝገብ ላይ የአባሉ ስምና መዋጮ ተጽፎ እንደሚነበብ ሁሉ፣ የቦዩም ሒሳብ ከቍፋሮው በፊት በአደባባይ ሊነበብ ይገባል።